መንግሥት ከምን ተነሥታ በምን ትወድቃለች

ከጎንደር ከተማ በስተ ደቡብ፥ አዘዞን አልፎ ወደ ጣና አገር በሚወስደው መንገድ ላይ ጠዳ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በዙሪያዋ ያለው ምድር የእርሻ ምድር ነው። ከሩቅ አገር የመጣ መንገደኛ ወደ ጎንደር ሲገሰግስ ዐይኑን የሚጥለው በነገሥታቱ ግንብ ላይ ነው እንጂ በጠዳ ማሳ ላይ አይደለም። ነገር ግን ግንብ ብቻውን መንግሥት አይሆንም። ድንጋዩን የጠረበው፥ ኖራውን ያቦካው፥ በእልፍኙ የተቀመጠውና በሩን የጠበቀው ሁሉ በየቀኑ እንጀራ በልቷል፤ እንጀራውም የተገኘው እንደ ጠዳና እንደ ደምቢያ ካለ መስክ፥ ከገበሬ እጅ ነው። ስለዚህ መንግሥት ከምን ተነሥታ በምን እንደምትወድቅ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ግንቡንና ማሳውን አንድ ላይ ይመልከት።

ብዙ ሰዎች የጥንት መንግሥታት ስለ ምን እንደ ወደቁ ሲጠየቁ፥ «ዘመናቸው ስላለፈ ነው» ብለው ይመልሳሉ። መንግሥትም እንደ ሰው ትወለዳለች፥ ትጎለምሳለች፥ ታረጃለች፥ ትሞታለች ይላሉ። ይህ አነጋገር ለጆሮ ይጣፍጣል፤ ነገር ግን ጥፋተኛውን ከጥፋቱ ነጻ ስለሚያወጣው አደገኛ ነው። ሰው ሳይወድ በግዱ ያረጃል፤ መንግሥት ግን የምትደክመው ሰዎች ወደው ባደረጉትና እያዩ ቸል ባሉት ነገር ነው። ቤት የሚፈርሰው ክረምት ስለ ገባ ብቻ አይደለም፤ ጣራው ሲያፈስ አይቶ ሳይጠግን የሚተኛ ባለቤት ስላለው ነው።

እርግጥ ከውጭ የሚመጣ መከራም አለ፤ ይህን መካድ አይገባም። የአክሱም መንግሥት ለዚህ ምስክር ናት። በአራተኛው መቶ ዓመት ንጉሥ ኢዛና በነገሠ ጊዜ አክሱም የወርቅ፥ የብርና የመዳብ ገንዘብ ታሠራ ነበር፤ በአዱሊስ ወደብም በኩል ከሮም፥ ከዐረብና ከህንድ አገር ጋራ ትነግድ ነበር። በስድስተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ግን ፋርሶች የመንን ያዙ፤ በሰባተኛውም መቶ ዓመት የቀይ ባሕር ንግድ መንገዱን ለወጠ፤ የአክሱምም ገንዘብ መሠራቱ ቀረ። እንዲህ ያለው መከራ ከአንድ ከተማ ሰዎች ኃይል በላይ ነው። የጎንደር ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጎንደርን አስቀድሞ ያደከማት የራሷ ሰው ነው፤ ባዕድ ጠላት የመጣባት ከደከመች ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ይህንም ለማስረዳት ታሪኳን ከመጀመሪያው ማየት ይበቃል።

ከጎንደር በፊት የኢትዮጵያ ነገሥታት ለብዙ ዘመን በድንኳን እየሰፈሩ ከአገር ወደ አገር ይዘዋወሩ ነበር። ንጉሡ በሰፈረበት አውራጃ ሠራዊቱ የገበሬውን እህል ይበላል፥ ዱሩን ለማገዶ ይቈርጣል፤ አገሩም ሲራቈት ሰፈሩ ተነሥቶ ወደ ሌላ ይሄዳል። ነገ ተነሥቶ ለሚሄድ ሰው ዛሬ የሚበረክት ቤት መሥራት ከንቱ ድካም ይመስለዋል። ዐፄ ሠርፀ ድንግል በእንፍራዝ አጠገብ በጉዛራ፥ ዐፄ ሱስንዮስም በጎርጎራ፥ በደንቀዝና በአዘዞ ሕንጻ አሠርተው ነበር፤ ነገር ግን በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በሃይማኖት ምክንያት በተነሣው ጦርነት ብዙ ሕዝብ አለቀ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1632 ዓመት (ከዚህ በታች የሚጻፈውም ዓመት ሁሉ እንዲሁ ነው) ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲል ለቀቁ። ዐፄ ፋሲልም በ1636 በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ጎንደርን ቈረቈሩ።

የጎንደር መንግሥት የተነሣችው በጦር ብርታት ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል። ከሁሉ አስቀድሞ እርስ በርሱ የተጋደለ ሕዝብ ዐረፈ። ቀጥሎም መንግሥት በአንድ ስፍራ ተቀመጠች። በአንድ ስፍራ የሚቀመጥ ሰው ከጎረቤቱ ጋራ በሕግ መኖር ግድ ይሆንበታል፤ ዛሬ የዘረፈውን ገበሬ ነገም ያየዋልና። ገበያ ቆመ፤ ነጋዴዎችም ወደ ምጽዋና ወደ ስናር ይመላለሱ ጀመር። ከዐፄ ፋሲል በኋላ የነገሡትም ዐፄ ዮሐንስ፥ ዐፄ ኢያሱ፥ ዐፄ ዳዊት፥ ዐፄ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ እያንዳንዳቸው ከአባቶቻቸው ሕንጻ አጠገብ የራሳቸውን ጨመሩ እንጂ የቀደመውን አፍርሰው አልሠሩበትም። 900 ሜትር በሚያህል ቅጥር የተከበበው ግቢ የብዙ ትውልድ ሥራ የሆነው ስለዚህ ነው። በ1770 ወደ ጎንደር የገባው የስኮትላንድ ሰው ጄምስ ብሩስ፥ ከተማዪቱ በሰላም ጊዜ ዐሥር ሺህ ያህል ቤተ ሰብ እንደሚኖርባት ጽፏል።

ይህን ሁሉ የሠራው እጅ የማን እንደ ነበረ ግን ብዙ ሰው አይጠይቅም። ነገሥታቱ አዘዙ፤ የሠሩት ግን ግንበኞች፥ አናጢዎችና ብረት ሠሪዎች ናቸው። ከእነዚህም መካከል ብዙዎቹ ቤተ እስራኤል ነበሩ። ንግዱንም በብዛት የያዙት እስላሞች ነበሩ። በ1668 በጎንደር የተሰበሰበው ጉባኤ ግን እነዚህ ሁለቱ ከክርስቲያኑ ተለይተው በየሰፈራቸው እንዲኖሩ አዘዘ። የከተማዪቱን ቤት የሚሠራውና የከተማዪቱን ገበያ የሚሞላው ሰው ከከተማዪቱ ሰው ጋራ አንድ መንደር እንዳይኖር ተደረገ ማለት ነው። ይሁን እንጂ ሕንጻው በሚሠራበት ዘመን ነገሥታቱ ለሠሪዎቹ አለቆች ሹመትና መሬት የሰጡበት ጊዜ ነበረ። የእጃቸው ሥራ ስለሚፈለግ ክብርም በጥቂቱ ይደርሳቸው ነበር።

ከ1682 እስከ 1706 የነገሡት ዐፄ ኢያሱ፥ ታላቁ ኢያሱ የተባሉት፥ ይህችን መንግሥት ወደ ከፍታዋ አደረሷት። የቀረጥንና የግብርን ሥርዐት አሻሻሉ፤ በአገሩም እየተዘዋወሩ ነገር ይሰሙ ነበር። ነገር ግን የመንግሥት ጤንነት የሚታወቀው ደግ ንጉሥ በነገሠ ጊዜ አይደለም፤ ደጉ ንጉሥ ሲያልፍ የሚተካው ሰው በሕግ የተተካ እንደ ሆነ ነው። በዚህ ፈተና ጎንደር ወደቀች። በ1706 ልጃቸው ተክለ ሃይማኖት በአባታቸው ዙፋን ነገሡ፤ ዐፄ ኢያሱም በጣና ደሴት ሳሉ የልጃቸው ወገኖች ገደሏቸው። ልጁም ሁለት ዓመት ሳይበልጥ በ1708 እርሳቸው ደግሞ ተገደሉ። ከ1706 እስከ 1721 ባለው 15 ዓመት ውስጥ አምስት ነገሥታት ከዙፋኑ ተለዩ።

አንባቢ ይህን ያስተውል። በእነዚያ ዓመታት የጎንደር ግንብ አንዲት ድንጋይ አልወደቀችበትም። ገበያው ይቆማል፤ ነጋሪቱ ይጐሰማል፤ ግብሩም ይበላል። እንዲያውም ከዚያ በኋላ በዐፄ በካፋና በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን ያማሩ ሕንጻዎች ተሠርተዋል። ከውጭ የሚያይ ሰው መንግሥቲቱን በብርታቷ ያለች ይመስለዋል። በውስጧ ግን አንድ ነገር ተሰብሮ ነበር፤ ይኸውም ዙፋን በሕግ ሳይሆን በእጅ የሚያዝ መሆኑን ሰው ሁሉ ማወቁ ነው። አንድ ጊዜ ይህን ያወቀ መኰንን፥ ባለ ብዙ ጭፍራ በሆነ ጊዜ፥ «ለምን ለእኔ አይሆንም?» ማለቱ አይቀርም።

የሆነውም ይኸው ነው። በዐፄ ኢዮአስ ዘመን ቤተ መንግሥቱ በዘመድ ተከፈለ፤ የአያታቸው የእቴጌ ምንትዋብ የቋራ ዘመዶች በአንድ ወገን፥ በእናታቸው በኩል ያሉት የኦሮሞ ዘመዶቻቸው በሌላ ወገን ሆነው ሹመትን ይሻሙ ጀመር። ንጉሡም ይህን ለማብረድ ራስ ሚካኤል ስሑልን ከትግራይ ከነሠራዊቱ ጠሩ። የተጠራው ጠባቂ ግን ጌታ ሆነ። በ1769 ራስ ሚካኤል ዐፄ ኢዮአስን አስገደለ፤ በምትካቸውም ሽማግሌውን ዐፄ ዮሐንስን አነገሠ፤ ዓመቱ ሳይፈጸም እርሳቸውንም በመርዝ አስገድሎ ሌላ አነገሠ። በአንድ ዓመት ሁለት ነገሥታት በአንድ መኰንን እጅ ጠፉ።

የሮም መንግሥትም እንዲህ ያለ ነገር አይታለች። በ193 ንጉሡን የሚጠብቁት ወታደሮች ጌታቸውን ጰርቲናክስን ገድለው ዙፋኑን ለጨረታ አወጡት፤ ዲድዮስ ዩልያኖስ የሚባል ባለጠጋም ብዙ ገንዘብ ሰጥቶ ገዛው። የነገሠው ግን 66 ቀን ብቻ ነው። ሮም በዚያ ቀን አልፈረሰችም፤ የምዕራቡ መንግሥቷ እስከ 476 ቆየ። ነገር ግን ዙፋን የሚሸጥ ዕቃ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ለዙፋን ይፈራ የነበረው ልብ አልተመለሰም። ከሮም እስከ ጎንደር ያለው መንገድ ሩቅ ነው፤ የሰው ጠባይ ግን በሁለቱም ዘንድ አንድ ነው።

ከ1769 እስከ 1855 ያለው ዘመን «ዘመነ መሳፍንት» ይባላል። ንጉሥ በጎንደር ግንብ ውስጥ አለ፥ ሥልጣን ግን የለውም። ራሶቹ ሲወዱ ያነግሡታል፥ ሲጠሉ ይሽሩታል። ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ስድስት ጊዜ ነግሠው ተሻሩ፤ ሕዝቡም «ፍጻሜ መንግሥት» ብሎ ጠራቸው። ሹመት እንዲህ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የተሾመው ሰው አገር ለማልማት ጊዜ የለውም፤ ሹመቱ ከመከር እስከ መከር እንደሚቆይለት አያውቅምና። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቈጨዋል» የሚለው ተረት የሹማምንቱን ልብ አብራርቶ ያሳያል።

ዕዳው የወደቀው በማን ላይ ነው? በገበሬው ላይ ነው። ወታደር በየገበሬው ቤት እየተመደበ ጎተራውን ያራግፋል፤ የአንዱ ራስ ጭፍራ ሲያልፍ የሌላው ይተካል። የጠዳን መንገድ የመሰለ፥ ከከተማ ወደ ሐይቅና ወደ ጎጃም የሚያሳልፍ ሰፊ መንገድ በሰላም ጊዜ በረከት ነው፤ በጦር ጊዜ ግን መርገም ነው፤ ነጋዴን ያመጣ የነበረው መንገድ ዘማችን ያመጣልና። ተዘርቶ የሚበላው ሌላ መሆኑን ያወቀ ገበሬ ደግሞ ከቤቱ ጉሮሮ በላይ አይዘራም። ገበሬው ያልዘራውን መኰንን አይበላም፤ መኰንን ያልበላበትም አገር እንደ ገና ለዘረፋ ጦርነት ያስነሣል። እንዲህ እያለ ክፉው ነገር ክፉውን ይወልዳል።

በዚያው ዘመን ሌላ ነገር ደግሞ ሆነ። ቤተ መንግሥት ማሠራቱን ስለ ተወ ግንበኛው ሥራ አጣ። የሹመቱም ክብር ቀረበት። ትናንት የንጉሡን አዳራሽ የሠራ ሰው ልጅ ዛሬ «ቡዳ» ተብሎ ይፈራና ይናቅ ጀመር። ብረት የሚቀጠቅጠው፥ ሸክላ የሚሠራው፥ ሸማ የሚለብጠው፥ ቈዳ የሚፍቀው ሁሉ በስድብ ስም ተጠራ። ገበሬው ያለ ማረሻ አያርስም፥ ማረሻውንም የሚሠራው ይህ የተናቀው ሰው ነው፤ ሆኖም አብሮት በአንድ መሶብ አይቀርብም። ጥበቡን የሚንቅ አገር ጥበበኛውን ያጣል። አባት ለልጁ ያወረሰው ስድብ ከሆነ ልጁ ሥራውን ትቶ ይሄዳልና። ከቤተ እስራኤል አብዛኞቹ በ1984ና በ1991 ተሻግረው ዛሬ በእስራኤል አገር ይኖራሉ። አያቶቻቸው የሠሩት ግንብ ግን በጎንደር ቆሞ አለ።

«እንዲህ ያለውን ጥፋት አንድ ብርቱ ሰው ተነሥቶ ያቀናዋል» የሚሉ አሉ። ዐፄ ቴዎድሮስ ለዚህ ትልቅ ምሳሌ ናቸው። በ1855 በደረስጌ ነግሠው ዘመነ መሳፍንትን አስወገዱ፤ ሰው ሁሉ ወደ ሥራው እንዲመለስ አዘዙ፤ አገሩንም አንድ ለማድረግ ደከሙ። ስለ ብርታታቸው ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን ሰማንያ ስድስት ዓመት የፈረሰውን ነገር የአንድ ሰው ብርታት በዐሥር ዓመት ሊሠራው አልቻለም። ግንበኞቿ ፎቅ የሠሩላት አገር መድፍ በፈለገች ጊዜ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት የነበሩትን የኤውሮፓ ሰዎች ማሠራት ግድ ሆነባት። የንጉሡም ትዕግሥት ባለቀ ጊዜ ቍጣቸው በራሳቸው ከተማ ላይ ወረደ፤ በ1866 ጎንደርን ዘርፈው አቃጠሉ፤ ከቤተ ክርስቲያኖቿ የተወሰዱት መጻሕፍትም ወደ መቅደላ ሄዱ። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከእነዚያ መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ሎንዶን ተወሰዱ። ዛሬም በዚያው አሉ። የጎንደርን መጽሐፍ ከጎንደር መጀመሪያ ያወጣው ግን የእንግሊዝ ወታደር አይደለም።

በ1888 ደርቡሾች ከምዕራብ መጥተው ከተማዪቱን ዘረፉ፥ ቤተ ክርስቲያኖቿንም አቃጠሉ፤ በጣራው ላይ መላእክት የተሣሉበት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት አንዱ ነው። ብዙ ሰው የጎንደርን መውደቅ ከዚህ እሳት ይቈጥራል። ነገር ግን ከ1769 እስከ 1888 ያለው 119 ዓመት ነው። ደርቡሽ የመጣው ቅጥሯን ሰብሮ አይደለም፤ ቅጥሩን የሚጠብቅላት ሰው ከጠፋ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። «ሞኝ የአባቱ ቤት ሲዘረፍ አብሮ ይዘርፋል» ይባላል። ጎንደርን የዘረፈ የመጨረሻው ሰው ባዕድ ነው፤ የፊተኞቹ ግን ልጆቿ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ ጥፋት የተረፈ ምን አለ? ግንቡ አለ፤ በ1979 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል። ከግንቡ ይልቅ ግን የሚያስደንቅ ሌላ ቅርስ አለ፤ ይኸውም ትምህርቷ ነው። ነገሥታቱ ሲሻሩ፥ ቤተ ክርስቲያኑ ሲቃጠል፥ መጽሐፉ ሲወሰድ፥ ቅኔውና አቋቋሙ አልጠፋም። አቋቋምን ሊማር የሚሻ ዛሬም ጎንደር በአታን ይጠይቃል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሥልጣኑ በአንድ ግቢ ተቈልፎ ነበርና ግቢውን የያዘ ሰው ሁሉን ያዘው፤ ትምህርቱ ግን በብዙ መምህራንና በብዙ ደቀ መዛሙርት ልብ ተከፍሎ ስለ ነበር የሚዘርፈው አልተገኘም። አኵፋዳውን ይዞ ቍራሽ እየለመነ የተማረ ተማሪ፥ ዘውድ የጫነው ንጉሥ ማቆየት ያልቻለውን አቈየ።

እንግዲህ መንግሥት በሦስት ነገር ትነሣለች፤ ሰው ሁሉ በሚገዛለት ሕግ፥ በሚከበር የእጅ ሥራ፥ ለብዙዎች በሚካፈል ዕውቀት። የምትወድቀውም እነዚህ ሲናቁ ነው። ይህም ነገር የነገሥታትና የራሶች ብቻ አይደለም። መንግሥት ከሰፈር ትጀምራለች። የርስት ሙግት በሽማግሌ ፊት ሲሰማ፥ ፍርዱ ለእርሱ ሲሆን «ሕግ ይከበር» የሚል፥ በእርሱ ላይ ሲሆን ግን ዱላ የሚያነሣ ሰው፥ በትንሹ ራስ ሚካኤልን ሆኗል። ሹመት አግኝቶ ከመሥራት በፊት ስለ መብላት የሚያስብ፥ የጎረቤቱን የሸማኔ ልጅ በስድብ ስም የሚጠራ፥ የሚያውቀውን ለታናሹ ሳያስተምር የሚሸሽግ ሰውም እንዲሁ ነው። ከግንቡ አንዲት ድንጋይ ፈንቅሏል፤ ድንጋዪቱ ስትወድቅ ድምፅ ስላልሰማ ብቻ ምንም ያላፈረሰ ይመስለዋል።

የዛሬ ወጣት በጎንደር ግንብ ሥር ሲያልፍ በአባቶቹ ሥራ ሊኰራ ይገባዋል። ኵራቱ እውነተኛ የሚሆነው ግን የራሱን ሥራ ሲጨምርበት ነው። ያለፈውን ዘመን እያመሰገነ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ሰው በአባቱ ጎተራ አጠገብ ተርቦ የሚሞት ሰውን ይመስላል። ይልቁንስ ማረሻ ቢጨብጥ በትጋት ይረስ፤ መሮ ቢጨብጥ ሳያፍር ይጥረብ፤ ብዕር ቢጨብጥ እውነቱን ይጻፍ፤ ሹመት ቢያገኝ ነገ እንደሚሻር አስቦ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የሚመጣው ሰው እንደሚረከበው አስቦ ይሥራ። ዐፄ ፋሲል የጀመሩት ግቢ ታላቅ የሆነው የሚከተለው ትውልድ የፊተኛውን ሳያፈርስ ስለ ጨመረበት ነው፤ ባዶ የቀረውም መጨመር ቀርቶ መንጠቅ በጀመረ ጊዜ ነው።